የገዛ ዓይኑን እንዲጠራጠር የተደረገን ሰው እንዴት እንደግፍ?

በአማራ ክልል በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን፣ በተለይም በባንጃና በፋግታ ለኮማ ወረዳዎች፣ ዲከረንስ በመባል የሚታወቀውን የግራር ዝርያ በማሳ ላይ ተክሎ ለከሰል ማምረቻ መሸጥ ለበርካታ አርሶ አደር ቤተሰቦች የገቢ ምንጭ ሆኖ ቆይቷል። ተክሉ ለሽያጭ እስኪደርስ አራትና አምስት ዓመት ያህል መጠበቅን የሚጠይቅ በመሆኑ፣ ገንዘቡ በምን ላይ እንደሚውል ባልና ሚስት አስቀድመው ይመክሩበታል።

በእንዲህ ያለ ቤተሰብ ውስጥ የሚኖሩ አንዲት ወይዘሮን በምሳሌነት እናንሳ። ወይዘሮዋና ባለቤታቸው ዛፉ ሲሸጥ ከገንዘቡ ከፊሉ እንጅባራ ከተማ ቤት ተከራይታ ለምትማረው ልጃቸው እንዲውል ተስማምተዋል። ዛፉ ተሸጠ። ወይዘሮዋ ስምምነቱን ሲያነሱ ግን ባለቤታቸው «እንዲህ ያለ ነገር ተነጋግረን አናውቅም» አሏቸው። የተነጋገሩበትን ምሽትና በዕለቱ አብሯቸው ቡና የጠጣውን እንግዳ ጠቅሰው ሊያስታውሷቸው ቢሞክሩ «በሕልምሽ አይተሽው ይሆናል» የሚል መልስ አገኙ። በሌላ ሳምንት የሳጥኑ ቁልፍ ከቦታው ጠፍቶ ባልታሰበ ሥፍራ ተገኘ፤ «ራስሽ አስቀምጠሽ ራስሽ ትፈልጊያለሽ» ተባሉ። ቆየት ብሎም ባለቤታቸው ለጎረቤት «ሰሞኑን አእምሮዋ ልክ አይደለም» ማለት ጀመሩ። ዓመት ሲሞላው ወይዘሮዋ መከራከሩን ትተዋል። ምን እንደሆኑ የሚጠይቃቸው ሲገኝም «እንጃ፣ እየረሳሁ ነው መሰል» ይላሉ።

በዚህ ቤት ውስጥ የተሰነዘረ ዱላ የለም። በወይዘሮዋ ገላ ላይ የሚታይ ቁስልም የለም። ይሁንና ያዩትን አየሁ፣ የሰሙትን ሰማሁ ብለው የመናገር ድፍረታቸውን ተነጥቀዋል። የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ይህን ዓይነቱን ጥቃት ጋዝላይቲንግ በሚል ስያሜ ይጠሩታል። ለዚህ ጉዳት የተዳረገን ሰው በአቅራቢያው ያለ ዘመድ፣ ጎረቤት ወይም ሽማግሌ እንዴት ሊረዳው እንደሚችል ማስገንዘብ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው።

ስያሜው የተወሰደው ከቴአትር ዓለም ነው። እንግሊዛዊው ጸሐፌ ተውኔት ፓትሪክ ሃሚልተን እ.ኤ.አ. በ1938 ለመድረክ ያበቃው «የጋዝ መብራት» የተሰኘ ተውኔት፣ ሚስቱ አእምሮዋ እንደታወከ እንድታምን ለማድረግ ዕቃ እየደበቀ «አንቺ ነሽ ያጠፋሽው» የሚላትን ባል ታሪክ ያሳያል። ባልየው በድብቅ ወደ ላይኛው ፎቅ ወጥቶ መብራት በለኮሰ ቁጥር በታችኛው ክፍል ያለው የጋዝ መብራት ይደክማል፤ ሚስቲቱ ግን ይህን በዓይኗ እያየች እንኳ ራሷን ማመን ይሳናታል። ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ1944 በአሜሪካ በፊልም ተሠርቶ ዋናዋን ገጸ ባሕርይ የተጫወተችውን ኢንግሪድ በርግማንን ለኦስካር ሽልማት አብቅቷል። ሜሪያም ዌብስተር የተባለው የአሜሪካ መዝገበ ቃላት አሳታሚም እ.ኤ.አ. በ2022 ጋዝላይቲንግን የዓመቱ ቃል አድርጎ መርጦታል። በታሪኩ ውስጥ ሴትየዋ ከጭንቀቷ መውጣት የምትጀምረው አንድ መርማሪ ወደ ቤቷ መጥቶ የመብራቱን ለውጥ እርሱም ሲያይላት መሆኑን ልብ ይሏል።

ቃሉ ለአማርኛ አዲስ ቢሆንም ድርጊቱ አዲስ አይደለም። «ዓይኔን ግንባር ያድርገው» ብሎ መካድም፣ ሽምጥጥ አድርጎ መካድም በቋንቋችን የታወቁ አባባሎች ናቸው። ልዩነቱ ተራ ካጅ እውነቱን የሚደብቀው ከዳኛ ወይም ከጎረቤት ሲሆን፣ በዚህ ጥቃት ግን ክህደቱ የሚያነጣጥረው በተጎጂው አእምሮ ላይ መሆኑ ነው። ካጁ ሌላው ሰው እንዲያምነው ብቻ ሳይሆን ተጎጂው ራሱን እንዳያምን ይሠራል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ባልና ሚስት አንድን ነገር በተለያየ መልኩ ማስታወሳቸው፣ አንዱ የገባውን ቃል መርሳቱ ወይም በንዴት መካዱ ብቻውን ጋዝላይቲንግ አይባልም። ጥቃት መሆኑ የሚታወቀው በሦስት ምልክቶች ነው። አንደኛ፣ ድርጊቱ ተደጋጋሚ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ሁልጊዜ ተሳሳተ የሚባለው ያው አንዱ ወገን ነው። ሦስተኛ፣ ከክህደቱ ጀርባ ለካጁ የሚተርፍ ጥቅም ይኖራል፤ ገንዘብ፣ ንብረት፣ የተደበቀ ጥፋት ወይም በቤት ውስጥ ያለ ተቆጣጣሪነት።

የሥነ ልቦና ጥቃት በአገራችን ያለው ስፋት ቀላል የሚባል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆነና አግብተው ከሚያውቁ ሴቶች መካከል 34 በመቶ የሚሆኑት በባለቤታቸው አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። ስሜታዊ ጥቃት የደረሰባቸው 24 በመቶ ሲሆኑ፣ ይህም አካላዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ጋር እኩል ነው። አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች ውስጥ ደግሞ ከሦስቱ ሁለቱ ያህል እርዳታ ያልጠየቁና ለማንም ያልተናገሩ ናቸው። ቁስሉ የሚታየው ጥቃት ይህን ያህል የሚደበቅ ከሆነ፣ ምልክት የሌለው ጥቃት ምን ያህል ተሸፍኖ እንደሚቀር መገመት አያዳግትም።

ብዙዎች «ጤነኛ ሰው እንዴት ያየውን ይጠራጠራል?» ብለው ይጠይቃሉ። ትዝታ እንደ ፎቶግራፍ ተነሥቶ የሚቀመጥ ሳይሆን በተወሳ ቁጥር እንደገና የሚገነባ መሆኑን ተመራማሪዎች አሳይተዋል። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ኤልዛቤት ሎፍተስ እ.ኤ.አ. በ1974 ከጆን ፓልመር ጋር ባሳተመችው ጥናት፣ የመኪና ግጭት የሚያሳይ ፊልም የተመለከቱ ሰዎች ስለ ፍጥነቱ ሲጠየቁ በጥያቄው ውስጥ አንድ ቃል በመለወጡ ብቻ ግምታቸው ተለውጧል። «ተላተሙ» የሚል ጠንካራ ቃል የሰሙት መኪኖቹ በበለጠ ፍጥነት ይሄዱ እንደነበር ተናግረዋል፤ ከሳምንት በኋላም በፊልሙ ያልነበረ የተሰበረ መስታወት አየን ያሉት ከእነርሱ ወገን በርከት ብለዋል። አንድ ቃል ይህን ካደረገ፣ አብሮ የሚኖር ሰው ዓመት ሙሉ የሚደጋግመው ክህደት ምን ሊያደርግ እንደሚችል ግልጽ ነው። ተጎጂው የሚሸነፈው አእምሮው ደካማ በመሆኑ አይደለም።

ለደጋፊው ትልቅ ትምህርት የሚሰጠው ግን ሌላ ሙከራ ነው። ሰሎሞን አሽ የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሰዎችን በቡድን አስቀምጦ የመስመሮችን ርዝመት እንዲያወዳድሩ ጠየቀ። ከአንዱ ተሳታፊ በስተቀር ሌሎቹ ሆን ብለው የተሳሳተ መልስ እንዲሰጡ አስቀድመው የተነገራቸው ነበሩ። መልሱ በዓይን የሚታይ ቢሆንም፣ ያ አንድ ተሳታፊ ከሰጣቸው መልሶች ሲሶ ያህሉ የብዙኃኑን ስህተት የተከተሉ ሆነው ተገኙ። ነገር ግን ከቡድኑ አንድ ሰው ብቻ እውነቱን ሲናገር፣ የተሳታፊው ስህተት ወደ አንድ አራተኛው ወረደ። ሰው ዓይኑን መልሶ ለማመን ብዙ ሰው አያስፈልገውም፤ አንድ ሰው «እኔም አይቻለሁ» ቢለው ብዙ ነው።

ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። ከእንጅባራ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ዳንግላ የሚኖሩ የወይዘሮዋ ታናሽ እህት ለበዓል መጥተው የእህታቸውን መለወጥ አስተዋሉ እንበል። ብዙ ቅን ሰዎች በዚህ ጊዜ የሚያነሡት የመጀመሪያ ጥያቄ «እርግጠኛ ነሽ?» የሚል ነው። ጥያቄው ከክፋት የመነጨ ባይሆንም ባለቤታቸው ዓመት ሙሉ ሲጠይቋቸው የኖሩት ያው ጥያቄ በመሆኑ ቁስሉን ይነካካል። ከዚህ ይልቅ «እትዬ፣ ያየሽውን ንገሪኝ፤ እሰማሻለሁ» ማለት ይሻላል። ማስረጃ መጠየቅ የዳኛ ሥራ ነው፤ የእህት ሥራ መጀመሪያ መስማት ነው። ጭውውቱም ባለቤትየው በሌሉበት፣ ልጆችም በማይሰሙበት፣ ውኃ ሲቀዳ ወይም ወደ ገበያ ሲኬድ ቢሆን ይመረጣል።

ታሪኩ ወደ ኋላና ወደ ፊት ሊዘበራረቅ፣ አንዱ ቀን ከሌላው ሊምታታ ይችላል። የደከመና የፈራ ሰው አነጋገር እንዲህ ነውና ይህ የውሸት ምልክት ተደርጎ መወሰድ አይኖርበትም። በዚህ አካባቢ ደግሞ የቋንቋ ጉዳይ ይታከልበታል። አፋቸውን በአዊኛ የፈቱ እናት በአማርኛ ሲጠየቁ ቢያመነቱ፣ ማመንታቱ ከቋንቋው እንጂ ከነገሩ ላይሆን ይችላል። የሆድን ለመናገር የሚቀለው በእናት ቋንቋ በመሆኑ፣ ሽማግሌም ሆነ የጤና ባለሙያ ይህንኑ ቢያመቻች እውነቱ ይበልጥ ይጠራል።

ሁለተኛው ጥንቃቄ አንዱን አዛዥ በሌላ አዛዥ አለመተካት ነው። «ዛሬውኑ ፍቺው»፣ «ምን ትጠብቂያለሽ?» የሚሉ ቃላት በቅንነት ቢነገሩም፣ ተጎጂዋ የራሷን ሐሳብ ትታ የሌላውን እንድትከተል ያስገድዳሉ። ጥቃቱ ያደከመው በራስ መወሰንን ስለሆነ፣ ድጋፉ መወሰንን የሚያለማምድ መሆን አለበት። «ምን ቢደረግ ይሻልሻል?» ብሎ መጠየቅ፣ በትንንሽ ነገሮች ሳይቀር ምርጫውን ለእርሷ መተውና የመረጠችውን ማክበር ጥንካሬዋን ቀስ በቀስ ይመልሳል። ዛሬ ያማረረችው ሚስት ነገ ባሏን ደግፋ ልትናገር ትችላለች። በዚህ ጊዜ ተቆጥቶ መራቅ ወይም «ነግሬሽ ነበር» ማለት ካጁ የሚፈልገውን ብቸኝነት ማገዝ ይሆናል።

ሦስተኛው እርምጃ ለትዝታ ምሰሶ ማቆም ነው። መጻፍ የሚችል ሰው የተባለውንና የተደረገውን ከነቀኑ በአጭሩ ቢያሰፍር፣ ኋላ «አልተባለም» ሲባል የገዛ ጽሑፉን መመልከት ይችላል። መጻፍ ለማይችሉም ዘዴ አይጠፋም። ገጠሩ ኅብረተሰብ ቀኑን የሚቆጥረው በበዓላትና በገበያ ነው፤ «በሚካኤል ማግሥት»፣ «ከኪዳነ ምሕረት በፊት በነበረው ገበያ» ብሎ ለታመነ ዘመድ ወዲያውኑ መንገር እንደ ጽሑፍ ያገለግላል። የሰማው ዘመድም ቀኑን ከነቃሉ ይዞ ማቆየት ይጠበቅበታል። ማስታወሻው፣ የመታወቂያ ካርዱና የሰነዶች ቅጂ በዚያው ቤት ከሚቀመጡ ይልቅ በእህት ወይም በታመነ ሰው ዘንድ ቢቀመጡ ይመረጣል። በስልክ የሚላክ መልእክትም በሌላ ሰው እጅ ሊገባ ስለሚችል ጥንቃቄ ይሻል።

ደጋፊው ባለቤትየውን ፊት ለፊት ሄዶ «እንዲህ አድርገሃል» ብሎ መሞገት የለበትም። ሙግቱ ካለቀ በኋላ ከእርሱ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር የምታድረው ተጎጂዋ ናትና። የመግደል ዛቻ፣ አንገት ማነቅ፣ የጦር መሣሪያ ማስፈራሪያ ወይም ከቤት እንዳትወጣ መከልከል ካለ ግን ጉዳዩ የቤተሰብ ምክር ጉዳይ መሆኑ አብቅቷል፤ ሳይውል ሳያድር ለፖሊስ ማሳወቅና ተጎጂዋ ደኅንነቷ ወደሚጠበቅበት ሥፍራ የምትሄድበትን መንገድ ማመቻቸት ይገባል።

በአካባቢው የቤት ውስጥ አለመግባባት አስቀድሞ የሚቀርበው ለሽማግሌ ነው። ሽምግልና ትዳርን ከመፍረስ፣ ደምን ከመፍሰስ ያዳነ የተከበረ ባህል መሆኑ አያጠያይቅም። ለዚህ ዓይነቱ ጉዳይ ግን ባልና ሚስትን ጎን ለጎን አስቀምጦ «ተናገሩ» ማለት ብቻውን አይበቃም። ለዓመታት ስትካድ የኖረች ሴት በካጇ ፊት ልትንተባተብ ስትችል፣ ረጋ ብሎ የሚናገረው ባል አሸናፊ መስሎ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ሽማግሌዎች ሁለቱንም ለየብቻ ቢሰሙ፣ ዕርቅ ከማውረዳቸው በፊት የነገሩን እውነት ቢያጣሩ፣ የተደረሰበትን ስምምነትም በጽሑፍ አስፍረው ከምስክሮች ፊርማ ጋር ለሁለቱም ወገን ቢሰጡ መልካም ነው። የተጻፈ ስምምነት በማግሥቱ «አልተባለም» ብሎ ለመካድ አይመችም። «ገመናሽን አደባባይ አወጣሽ» የሚለው ወቀሳም ሊታረም ይገባዋል። ገመናን መሸፈን የሁለቱ ባለትዳሮች መተማመን ምልክት እንጂ የአንዱ በደል መደበቂያ አይደለም።

ጉዳቱ ጤናንም ይነካል። እንቅልፍ ማጣት፣ የምግብ ፍላጎት መቀነስ፣ የልብ መምታት፣ ያለ ምክንያት ማልቀስ፣ ለትንሹም ነገር ይቅርታ መጠየቅ በተጎጂዎች ላይ የሚስተዋሉ ምልክቶች ናቸው። በቀበሌው ከሚገኙ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጀምሮ እስከ ጤና ጣቢያና ሆስፒታል ድረስ ያሉ ባለሙያዎችን ማማከር ይቻላል። ጸበል መሄድ ለሚፈልግ ሰው ሕክምናው ከእምነቱ ጋር አይጋጭም። ነገር ግን «አብዳለች» የሚለው ቃል ራሱ የጥቃቱ መሣሪያ ሊሆን ስለሚችል፣ ቤተሰቡ ይህን ቃል ተቀብሎ ከማዛመቱ በፊት ቃሉን ማን እንደጀመረውና ለምን ጥቅም እንደጀመረው ሊያጤን ይገባል። መርሳቱ እውነተኛ ሕመም ከሆነም የሚታወቀው በባለሙያ ምርመራ እንጂ በባለጉዳዩ ወሬ አይደለም።

ከሕግ አኳያ ሲታይ፣ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶችን የሚጨቁኑ ወይም በአካላቸውና በአእምሯቸው ላይ ጉዳት የሚያስከትሉ ወጎችንና ልማዶችን ከልክሏል። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ በሚፈጸም የኃይል ድርጊት ምክንያት በአካል ወይም በአእምሮ ጤንነት ላይ የሚደርስን ጉዳት ያስቀጣል። አንቀጹ የኃይል ድርጊትን የሚመለከት በመሆኑ እውነትን መካድ ብቻውን በዚህ ሥር ለመሸፈን ያስቸግራል። እንግሊዝና ዌልስ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ሕግ በቤተሰብ ውስጥ የሚፈጸምን ተደጋጋሚ የቁጥጥርና የማስገደድ ባሕርይ ራሱን የቻለ ወንጀል ማድረጋቸው በንጽጽር ሊጠቀስ ይችላል። ሆኖም ይህ ጥቃት ብዙ ጊዜ ከዛቻ፣ ከድብደባና ከንብረት ነጠቃ ጋር ተያይዞ ስለሚመጣ፣ የተያዘው ማስታወሻና የዘመድ ምስክርነት በፍርድ ቤት ዋጋ ይኖራቸዋል።

በንብረት በኩል ያለው ዋስትና የበለጠ ተጨባጭ ነው። በክልሉ የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 79/1995 መሠረት በጋብቻ ዘመን የተፈራ ሀብት በመርህ ደረጃ የጋራ ነው። በክልሉ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ሲሰጥ የቆየው የገጠር መሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተርም የባልና የሚስትን ስምና ፎቶግራፍ የያዘ ነው። «መሬቱ የኔ ነው፤ አንቺ ምን አለሽ?» ለተባለች ሴት፣ የገዛ ፎቶግራፏን በደብተሩ ላይ ማየት ከብዙ የማጽናኛ ቃል ይበልጣል። የሕግ ምክር የሚያስፈልጋቸው ሴቶችም በየወረዳው የሴቶች፣ ሕጻናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት፣ በፖሊስ እንዲሁም ለሴቶች ነጻ የሕግ ድጋፍ በሚሰጠው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በኩል ሊጠይቁ ይችላሉ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ በተፈጠረው የጸጥታ ችግር ሳቢያ መንገድና አገልግሎት በሚስተጓጎልባቸው ጊዜያት ደግሞ የቅርብ ዘመድና የጎረቤት ድርሻ እጅግ ከፍ ይላል።

ይህ ጥቃት በሚስቶች ላይ ብቻ የሚደርስ አይደለም። ወንዶችም ይጎዳሉ። ከብቶቹን ሊሸጥበት የፈለገ ልጅ አባቱን «ጃጅተዋል፣ ራስዎ ነዎት ሽጥ ያሉኝ» ሊላቸው ይችላል። አሠሪ የቤት ሠራተኛዋን «ደመወዝሽን ወስደሻል» ብሎ ሊያደናግራት ይችላል። ሁሉም ዘንድ የሚያስፈልገው ድጋፍ ግን ያው ነው፤ መስማት፣ ማመን፣ ቀኑን መያዝ፣ ውሳኔውን ለባለቤቱ መተው።

የዳንግላዋ እህት በመጡ በሁለተኛው ቀን በዚያ ምሽት ቡና የጠጣውን እንግዳ አስታውሰው፣ በእህታቸው ፈቃድ አግኝተው ቢጠይቁት፣ እርሱም «አዎን፣ ስለ ልጅቷ ትምህርት ሲነጋገሩ ሰምቻለሁ» ቢል፣ ገንዘቡ ወዲያውኑ ላይመለስ ይችላል። ወይዘሮዋ ግን ከዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ «እንግዲያው አልረሳሁም» ለማለት ይበቃሉ። ሽማግሌውን የሚጠሩትም፣ ደብተሩን የሚጠይቁትም፣ ስለ ልጃቸው ትምህርት እንደገና የሚከራከሩትም ከዚህ ቃል ተነሥተው ነው። እያንዳንዱ ዘመድና ጎረቤት በአጠገቡ እንዲህ ያለ ሰው ቢያጋጥመው፣ ከመፍረዱ በፊት ጆሮውን በመስጠት ኃላፊነቱን ሊወጣ ይገባል።